የቃል ውስጠ ምሥጢርና የአምቦ መንገድ ከተሞች ስም
(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ደብዳቤ የመመለስ ሥራ የተሰጠው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሁሉ ደጋግሞ የሚገጥመው አንድ ነገር አለ። ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አግኝቶ፣ ዐረፍተ ነገሩን አሳክቶ፣ በታይፕ አስመትቶ ለአለቃው ሲያቀርብ፣ አለቃው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ቃሉስ ቃል ነው፤ ፈረንጁ ያለው ግን ይኽን አይደለም» ይሉታል። ጸሐፊው ቢከራከር እውነት አለው፤ አለቃውም እውነት አላቸው። ቃል በመዝገብ የተጻፈለት ትርጓሜ አለው፤ ከዚያም ሌላ፣ ሳይናገረው ይዞት የሚዞር ትርጓሜ አለው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ነው። ምሳሌ የምናመጣውም ከሩቅ አገር ሳይሆን፣ በይበልጥ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚወስደው መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ዳር የቆሙት ከተሞች በስማቸው ብዙ ነገር ሳይናገሩ የተናገሩ ናቸውና።

እንግሊዞች ለዚህ ለተሰወረው ትርጓሜ አያሌ ስሞች አሏቸው። ኢምፕሊኬሽን፣ ኮኖቴሽን፣ አሉዥን፣ ሂንት፣ ኑዋንስ፣ ኢንሲኑዌሽን፣ ኢንዩኤንዶ እያሉ ይጠሯቸዋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እነዚህን ቃላት «ተመሳሳይ» ተብለው በአንድ መስመር ተጽፈው ያጠናናቸው ብዙዎች ነን። ነገር ግን ሥራቸውም ጠባያቸውም አንድ አይደለም፤ ይኽንንም ለማወቅ የትውልዳቸውን ሐረግ መቁጠር ይረዳል።

ኢምፕሊኬሽን ከላቲን ሲወርድ መነሻው ማጠፍ ነው። ነገር በነገር ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል፤ እጥፋቱን የገለጠ ሁሉ ያገኘዋል። ኮኖቴሽን ማለት አብሮ ምልክት ማድረግ ነው፤ ቃሉ ዋናውን ነገር ሲጠራ ጓደኞቹን አስከትሎ ይመጣል። አሉዥን ከጨዋታ የተወለደ ነው፤ ተናጋሪው ያሰበውን ነገር ስሙን ሳይጠራ በአጠገቡ ይጫወታል። ኑዋንስ የፈረንሳይ ቃል ሆኖ ዘሩ ደመና ነው፤ የደመና ቀለም ከነጭ ወደ አመድማ፣ ከአመድማ ወደ ጥቁር ሲለወጥ የት ላይ እንደ ተለወጠ ለማየት እንደሚያስቸግር ዓይነት ነው። ኢንሲኑዌሽን ተጠማዞ መግባት ነው፤ በዋናው በር ሳይሆን በጓዳ። ኢንዩኤንዶ ደግሞ በራስ ንቅናቄ መጥቀስ ነው። ይኽ የመጨረሻው ቃል በእንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ያደገ ነው። በስም ማጥፋት ክስ ላይ ከሳሹ፣ የተጻፈው ቃል ላዩ ንጹሕ ቢመስልም በሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ስድብ መሆኑን የሚያስረዳበት የአቤቱታው ክፍል ኢንዩኤንዶ ይባላል። እንግዲህ አንዱ እጥፋት ነው፣ አንዱ ጓደኛ፣ አንዱ ጨዋታ፣ አንዱ ደመና፣ አንዱ የጓዳ በር፣ አንዱ ጥቅሻ። እነዚህን ሁሉ «የተዘዋዋሪ ትርጉም» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት ለጽሑፍ ቤት ይቀል ይሆናል፤ ለነገሩ ግን አይበጅም።

ከእነዚህ መካከል መንግሥትንና ሕግን የሚመለከተው የመጀመሪያው፣ እጥፋቱ ነው። ለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን ምስክር የምናጣ ሕዝብ አይደለንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከኤውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ግን በዚሁ መንገድ ሊላላኩ ተስማምተዋል ይላል። ታሪኩን ሁሉም ስለሚያውቀው አላራዝመውም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ይኽ ነው፤ «ይቻላቸዋል» የሚለው ቃል በውስጡ ሌላ ቃል አጥፎ ይዟል። ማድረግ የሚችል ሰው መተውም ይችላልና። ይኽን «መተውም» የሚለውን ቃል በወረቀቱ ላይ የጻፈ ማንም የለም፤ የአገሪቱ ነጻነት ያረፈው ግን በእርሱ ላይ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. እንደማይቀበሉት ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከሆነው በኋላም፣ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሽሮ ነጻነታችን ያለ ገደብ ታወቀ።

አሁን ወደ ገዛ ቋንቋችን እንመለስ። አማርኛ ለተሰወረ ትርጓሜ ስም የጎደለው ቋንቋ አይደለም፤ ይልቁንም ከቅኔ ቤት የወረሰው ሀብት ከብዙ ቋንቋ ይበልጣል። ሰምና ወርቅን የማያውቅ የለም። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚሠራውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታም የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ባለቅኔዎቻችን ስሙን ከዚህ ሥራ መውሰዳቸው አጋጣሚ አይደለም። ሰሙ ውሸት አይደለም፤ የወርቁን መልክ የሰጠው እርሱ ነው። ኅብር የሚባለው ደግሞ አንድ ቃል ራሱ ለሁለት ትርጓሜ ሲበቃ ነው። ኅብር በግዕዝ ቀለም ማለት መሆኑን ስናስብ፣ ፈረንሳዮች ከደመና ቀለም ካወጡት ኑዋንስ ጋር በሩቅ ዘመድ መምሰሉ ያስደንቃል። ውስጠ ወይራ ሲባል ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ ንግግር ነው። ከቅኔ ቤት ወጥተን ወደ መንደር ስንወርድ አሽሙርን፣ ሽሙጥን፣ ጥቅሻን፣ ሰበቅን እናገኛለን። ኢንዩኤንዶን «ጥቅሻ» ያለ ተርጓሚ ከላቲኑ ሥር ጋር የተገናኘ መሆኑን ሳያውቅ እንኳ ልክ ደርሶበታል።

አንድ ቃል ግን በዘመናችን የጽሑፍ ቤቶች ያላግባብ የተሾመ ይመስለኛል። እርሱም አንድምታ ነው። ዛሬ በየደብዳቤውና በየሪፖርቱ «የበጀት አንድምታ»፣ «ፖለቲካዊ አንድምታ» እየተባለ የእንግሊዝኛው የኢምፕሊኬሽን ምትክ ሆኗል። አንድምታ ግን በሊቃውንት ቤት የታወቀ ሥራ ያለው ነው። የመጽሐፍን ንባብ አንሥቶ አንዱን ትርጓሜ ከተናገሩ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን፣ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን መደርደር ነው። ይኽ የትርጓሜ ትምህርት በጎንደር ዘመነ መንግሥት የደረጀ፣ ኋላም በመምህር ኤስድሮስ ጊዜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተለየ ነው። እንግዲህ በአንድምታ የተሰወረ ነገር የለም፤ ሁሉም በጉባኤ፣ በተማሪው ፊት፣ በግልጥ ይነገራል። ኢምፕሊኬሽን ሳይነገር የሚከተል ነው፤ አንድምታ ተነግሮ የሚጨመር ነው። ቃሉ በሕዝብ ጽሑፍ ውስጥ ሥር ስለ ሰደደ ከእንግዲህ የሚነቅለው አይገኝም፤ ቢሆንም «የውሳኔው አንድምታ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሊቃውንቱ ቢጠይቁት «ሁለተኛው አንድምስ የታለ?» ብለው ሊያፍሩበት ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ የከተሞቹን ስም ለመመርመር አንድ እንግሊዛዊ እንጥራ። ጆን ስቱዋርት ሚል የተባለው ፈላስፋ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ባወጣው የሎጂክ መጽሐፍ፣ የተጸውዖ ስም ነገሩን ያመለክታል እንጂ ኮኖቴሽን የለውም ሲል አስተማረ። ምሳሌውም ዳርትማውዝ የምትባል ከተማ ናት። ስሟ በዳርት ወንዝ አፍ ላይ ያለች ማለት ነው። ነገር ግን፣ ይላል ሚል፣ አሸዋ የወንዙን አፍ ቢደፍነው፣ ወይም የመሬት መናወጥ ወንዙን ከከተማዋ ቢያርቀው፣ ስሟ እንዲለወጥ አያስገድድም። ስም ምልክት ብቻ ነው፤ ትርጓሜው ለሰጡት ሰዎች ምክንያት ነበር እንጂ ከስሙ ጋር ተጣብቆ አይኖርም። ነገሩ ብልህ ነው። ሚል ግን የአምቦን መንገድ አላየም።

በአስኮና በቡራዩ ወጥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ ሆለታ ይደርሳል። በዘውዱ ዘመን ይኽች ከተማ ገነት፣ አንዳንዴም ሆለታ ገነት ትባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ስሙም ለአትክልቱና ለልምላሜው የሚገባ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ግን በዚሁ ግቢ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ፣ ካፒቴን ቪኪንግ ታም አለቃው የሆነ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ የ1928ቱ ወረራ ደረሰባቸው፤ ከመካከላቸውም በነቀምቴ የተመሠረተውን የጥቁር አንበሳ ማኅበር የተቀላቀሉና በአርበኝነት የወደቁ አሉ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ሲከፈት፣ «ገነት» የሚለው ስም በሰው ጆሮ የአበባ ሽታ ሳይሆን የቡት ጫማ ድምፅ ይዞ ይመጣ ጀመር። «ልጅሽ ገነት ገባ» የተባለች እናት እልል ትበል ወይስ ታልቅስ? ይኽ ከቅኔ ቤት ያልወጣ፣ በመንገድ ዳር የበቀለ ኅብር ነው። ሚል ኮኖቴሽን የለውም ያለው የከተማ ስም፣ እነሆ አንዱን ጥሎ ሌላውን ለበሰ።

ከሆለታ ወደ ምዕራብ ቀጥለን ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስንርቅ አዲስ ዓለም እንደርሳለን። አገሬው ኤጀሬ ይላታል። በ1892 እና በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስለ ቸገራት፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ግንብና ቤት ማሠራት ጀመሩ። ባሕር ዛፉ በአዲስ አበባ በቅሎ ችግሩን ስላቀለለው ከተማይቱ ሳትዛወር ቀረች፤ ሊሆን የነበረው ቤተ መንግሥትም የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የወጣው መንገድ ግን ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆኖ ጠቀመ።

ስሙን እንመልከት። እንግሊዛዊ መጻሕፍት «ኒው ወርልድ» እያሉ ይተረጉሙታል። በመዝገበ ቃላት ቢፈለግ ትክክል ነው። ነገር ግን «ኒው ወርልድ» የተባለ እንደሆነ የእንግሊዝኛ አንባቢ ኮሎምቦስንና አሜሪካን ያስባል፤ ይኽ ምኒልክ ያላሰቡት ጓደኛ ነው። በአንጻሩ በአማርኛ ዓለም ማለት ምድርና ሰማይ ብቻ አይደለም። ሰርግ ሲደገስ፣ ልጅ ሲዳር «ዓለሜን አየሁ» ይባላል፤ ዓለም ደስታ ነው፣ ተድላ ነው። ዐድዋ ከሆነ አራት አምስት ዓመት ብቻ ያለፈው ንጉሥ አዲስ መናገሻውን አዲስ ዓለም ሲል፣ አዲስ ከተማ፣ አንድም አዲስ ደስታ፣ አንድም አዲስ ዘመን ማለት ይሆናል። እነሆ እዚህ ላይ «አንድም» በቦታው ገባ። የቤተ ክርስቲያኑ ስም ጽዮን መሆኑም አሉዥን ነው፤ አክሱምን ስሟን ሳይጠራ ይጠራታል። አክሱም ያለችበት መንግሥት ደግሞ ሸዋ መጥቶ ተቀምጧል ለማለት፣ ከዚህ ያጠረ ንግግር አይገኝም።

ጊንጪን አልፈን አምቦ ስንደርስ ነገሩ ይጠልቃል። አምቦ ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዘውዱ ዘመን የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬም የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በመንግሥት መዝገብ፣ በፖስታ ቤትና በካርታ ላይ ለብዙ ዓመታት ስሟ ሀገረ ሕይወት ተባለ። እንግሊዝኛው «ላንድ ኦቭ ላይፍ» ብሎ ሲመልሰው ስሙ የቀብር ማኅበር ስም ይመስላል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ይሰማዋል። ሐይወ ማለት ኖረ ብቻ አይደለም፤ ዳነ፣ ከደዌው ተፈወሰ ማለትም ነው፤ አሕየወ ማለት አዳነ፣ ፈወሰ ማለት ነው። አምቦ ፍል ውሃ ያለባት፣ ሰው ሕመሙን ሊያስለቅቅ ከሩቅ የሚመጣባት፣ ጨውና ጋዝ ያለበት ምንጯ የታወቀ አገር ናት። ስለዚህ ሀገረ ሕይወት ማለት የመዳኛ አገር ማለት ነው። ስም አውጪው ዋናውን ነገር «ሕይወት» በሚለው ቃል እጥፋት ውስጥ አስቀምጦታል፤ የእንግሊዝኛው ተርጓሚ እጥፋቱን ሳይገልጥ ልብሱን ብቻ ይዞ ሄደ።

ከዚህ መንገድ ወጣ ብለን ወደ ደቡብ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ያለችውን ወሊሶን ስናስብ፣ እርሷም በዚያው ዘመን ግዮን ተብላ ነበር። ግዮን በኦሪት ዘፍጥረት ከኤደን የሚወጣ፣ የኢትዮጵያን ምድር የሚከብብ ወንዝ ነው፤ የእኛ ሊቃውንትም ዓባይ ነው ይላሉ። ወሊሶ ከዓባይ ምንጭ እጅግ የራቀች ናትና ስሙ መልክዐ ምድርን አይገልጥም፤ ኦሪትን ይጠቅሳል። አሁን እነዚህን ስሞች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ገነት፣ ሕይወት፣ ግዮን። በየጊዜው በየምክንያቱ የወጡ ቢሆኑም ሦስቱም ከአንድ ምዕራፍ፣ ከኦሪት ዘፍጥረት ሁለተኛው ምዕራፍ የመጡ ናቸው፤ አትክልቱ፣ በመካከሉ ያለው የሕይወት ዛፍ፣ የሚያጠጣው ወንዝ። የምዕራብ ሸዋን ካርታ ያነበበ የቤተ ክህነት ተማሪ ሳያውቀው ኤደንን ያነባል። እንዲህ ያለውን በቁራጭ በቁራጭ ሳይሆን በአንድነት የሚሰማ ትርጓሜ፣ እንግሊዝኛ ከቈጠርናቸው ስሞች በአንዱ ብቻ ሊጠራው አይችልም።

ይኽ ሁሉ ውበት ነው። ነገር ግን በውበቱ ላይ ብቻ ቆመን ብንመለስ ግማሹን ታሪክ ትተናል። ስም ሲለወጥ አዲሱ ስም ከሚናገረው ሌላ፣ ለውጡ ራሱ የሚናገረው አለ። አምቦን ሀገረ ሕይወት፣ ወሊሶን ግዮን፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት፣ አዳማን ናዝሬት ማለት፣ በቃል ሲታይ ምርቃት ነው። በእጥፋቱ ግን «የቀድሞው ስም አይበቃም» ይላል። ስሙን ከአያቱ የሰማው የሜጫ ገበሬ ይኽን ማንም ሳይነግረው ሰምቷል፤ ምርቃቱ ለመራቂው ወርቅ ሲሆን ለእርሱ ሰም ሆኖ ቀረ፤ ወርቁ ሌላ ነበር። ስም አውጪዎቹ ክፉ አሰቡ ማለቴ አይደለም። ኢምፕሊኬሽን የተናጋሪውን ፈቃድ አይጠብቅም፤ ተናጋሪው ያላሰበውን እንኳ ቃሉ አጥፎ ይዞ ይወጣል፣ ሰሚውም ይገልጠዋል። በ1955 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ሲቋቋም፣ ሥራው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ማሠራት ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ የጥንት ስሞች በአንድ ማኅተም ላይ ጎን ለጎን መጻፋቸው ብቻውን ከደንቡ የበለጠ ተናገረ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ማኅበሩ ታገደ። በሰው አፍ ግን አምቦ ምን ጊዜም አምቦ ነበረች፤ በኋላም የመንግሥቱ መዝገብ ወደ ሰው አፍ ተመለሰ እንጂ የሰው አፍ ወደ መዝገቡ አልሄደም። ወሊሶም፣ ቢሾፍቱም፣ አዳማም እንደዚሁ።

ከአምቦ አጠገብ ቦዳ በሚባል ስፍራ በ1928 ዓ.ም. ስለ ተወለደው ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሳንናገር ብናልፍ አምቦ ትቀየመናለች። ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ ያደገ፣ ግዕዝም የተማረ፣ ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ቴአትር ጽፎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ያሳየ ነው። ኋላ የሼክስፒርን ኦቴሎ፣ ሐምሌትና ማክቤዝ ወደ አማርኛ መለሰ። ከእነዚህ ኦቴሎ ለዛሬው ነገራችን እንደ ትምህርት ቤት ነው፤ መላው ቴአትር በኢንሲኑዌሽን ላይ የቆመ ነውና። ያጎ መጀመሪያ ላይ ደስዴሞናን «አመነዘረች» ብሎ አይከስም። ይጠይቃል፤ ያመነታል፤ የጀመረውን ቃል ይውጣል፤ «ምንም አይደለም» ይላል። ኦቴሎ ግን ያልተነገረውን ራሱ ጨርሶ ይሞላል፤ ራሱ የሞላውንም ከሰማው አብልጦ ያምናል። ይኽን በአማርኛ ለሚመልስ ሰው አሽሙር አይበቃውም፤ አሽሙረኛ የሚወጋውን ሰው ፊት ለፊት ይወጋልና። ሰበቅ ይቀርበዋል፤ ሰበቅም ቢሆን ወሬ አመላላሽ ነው፣ ያጎ ግን ወሬውን አያቀብልም፤ ሰሚው ራሱ እንዲወልደው ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ቦታ ቃል በቃል ማለፍ የማይቻል በመሆኑ ነው ትርጉም ከግልባጭ ሥራ የሚለየው። ጸጋዬ በ1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ሲያርፍ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ነበር፤ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደሚፈስ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም።

ወደ ዕለት ሥራችን እንመለስና፣ እኛ በዜና ክፍል የምንሠራ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ቴሌግራም «ሪፖርትድሊ» የሚል ቃል ሲመጣ «ተባለ» እንላለን። አማርኛ ለዚህ አንዲት ትንሽ ቃል አለችው። «ሚኒስትሩ መጡ» ብንል ዜና ነው፤ «ሚኒስትሩ መጡ አሉ» ብንል ግን ጭምጭምታ ነው፣ ኀላፊነቱንም አንወስድም። እንግሊዝኛ በረዥም ቃል የሚሸከመውን ጥርጣሬ አማርኛ በሁለት ፊደል ትፈጽመዋለች። በመሥሪያ ቤትም «ጉዳይዎ ይታያል» የሚለውን መልስ የተቀበለ ባለጉዳይ፣ በሰዋስው የወደፊት ጊዜ ተስፋ ተሰጥቶታል፤ በልቡ ግን ፋይሉ የት መሳቢያ እንደ ተኛ ያውቃል። «ይታሰብበታል» የተባለው ደግሞ ቀጠሮ ባይጠይቅ ይሻለዋል።

ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይኽ የሁለት ፊት ንግግር ለጥንቱ ኑሮ ብዙ ጥቅም እንደ ነበረው፣ ለዘመናዊ አስተዳደር ግን ግልጥ ቃል እንደሚያስፈልግ ጽፏል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ የጽሑፍ ቤት «በመልካም አስተያየት እንመለከተዋለን» ሲል፣ እርሱም ሰም መሆኑን ሌቪን ራሱ ሳያውቀው የሚቀር አይመስለኝም። ልዩነቱ እኛ ለሰሙና ለወርቁ ስም አውጥተን ማስተማራችን ነው።

ቀልዱ የሚያበቃው ሕግ ላይ ሲደረስ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲወጣ ኖሯል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጀመሪያ የተረቀቁት በፈረንሳይኛ ነው፤ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨንና ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ወደ አማርኛ የተመለሰው በኢትዮጵያውያን ድካም ነው። አንዱ ሕግ በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ ሁለት እጥፋት ይኖረዋል። የ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ሁለቱ ጽሑፎች ሲለያዩ የአማርኛው ይጸናል ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ «ይችላል» እና «አለበት» በሚባሉት ሁለት ቃላት መካከል፣ ወይም «እና» እና «ወይም» በሚባሉት መካከል የሚመርጥ ተርጓሚ፣ የሰው ርስት፣ የሰው ደመወዝ፣ የሰው እስራት በእጁ ነው። በውጫሌ አንድ ግሥ አገር እንዳናወጠ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤትም አንድ ግሥ ቤት ያናውጣል። ተርጓሚው የሕጉን አማርኛ ከጻፈ በኋላ፣ እንግሊዝኛውን ጎን ሸፍኖ፣ «ይኽን ብቻ ያነበበ ሰው ሳልነግረው ምን ይረዳል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ግማሽ ሥራው ተፈጸመ።

የሚልን ዳርትማውዝ ተከራክረን ሳንጨርሰው እንዳይቀር፣ አንድ ነገር ልጨምር። የአምቦን ውሃ በጠርሙስ እየሞሉ መሸጥ የተጀመረው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከተማዋን ጥሎ በየአገሩ ዞረ። ድሬዳዋ ወይም ጎንደር ሻይ ቤት ገብቶ «አንድ አምቦ» ያለ ሰው ስለ ምዕራብ ሸዋ መናገሩ አይደለም፤ ጋዝ ያለው ውሃ አምጣልኝ ማለቱ ነው። አስተናጋጁም አንዳንዴ ሌላ አገር የተሞላ ጠርሙስ ይዞለት ይመጣል፤ ሁለቱም አይገርማቸውም። የተጸውዖ ስም የነበረው የወል ስም ሆነ ማለት ነው። ሀገረ ሕይወት የሚለውን ስም ግን በጠርሙስ የጠጣው የለም።